ምዕራፍ 6፦ ገበያ ያልደረሰው ጆንያ

የማስረጃ ጥንቅር አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። በዚያ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ያስሳል፣ ደካማውን ከጠንካራው ይለያል፣ ተደምረው ምን እንደሚሉም ይናገራል። ምዕራፍ 4 አንድ ጥናት እንዴት እንደሚነበብ፣ ምዕራፍ 5 ደግሞ ተሳታፊዎችን በዕጣ መመደብ ለምን እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ይህ ምዕራፍ ጥናቶች በዝተው እርስ በርስ ሲጋጩ የጤና ፖሊሲ የሚያወጣ ሰው በምን ላይ ቆሞ እንደሚወስን ያብራራል። ጥንቅሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ውሳኔው ለምን ፍትሕ ሊያጓድል እንደሚችልም ያሳያል።

እፍኝና ክምር

አርቦዬ ከአሰላ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአርሲ ደጋ በዚህ በኩል ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። አርሲ የስንዴ አገር ነው፤ በአርቦዬም ሆነ በሌላ የስንዴ ገበያ ላይ ደግሞ አንድ ጆንያ ፈትቶ፣ አንድ እፍኝ አይቶ ለሙሉ ጭነት ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ አይገኝም። ከላይ የተደረገው ፍሬ ተመርጦ ሊሆን ይችላል፣ ከሥር እንክርዳድና አፈር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከየጆንያው ከላይም ከመሀልም ከሥርም ይወስዳል፣ ይደባልቃል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጭነቱ ይናገራል። ነጠላ ጥናት እንደ እፍኙ ነው፤ ጥንቅር ደግሞ ከየጆንያው ተወስዶ እንደተደባለቀው።

አጥኚዎች ይህንን የሚሠሩት በታወቀ ሥርዓት ነው። ፍለጋው ሳይጀመር ጥያቄው በጽሑፍ ይቀመጣል፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ ጥያቄውን ማጠማዘዝ ቀላል ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ጥናቶች ይታሰሳሉ፤ ያልታተሙትም ጭምር። አንድ ሕክምና ሠራ የሚል ጥናት ቶሎ ይታተማል፣ አልሠራም የሚለው ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የታተመውን ብቻ የሚሰበስብ ሰው ከጆንያው አፍ ብቻ እንደዘገነ ይቆጠራል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ የትኛው ጥናት እንደሚገባና የትኛው እንደሚጣል ይወስናሉ። በመጨረሻ፣ ጥናቶቹ የሚመሳሰሉ ከሆነ ቁጥሮቻቸው በስሌት ይዋሐዳሉ። ብዙ ሰው ያሳተፈው ጥናት የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። ይህ ማዋሐድ ሜታ አናሊሲስ ይባላል።

ሐሳቡ ሥር የሰደደው ዘግይቶ ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም አርቺ ኮክራን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕክምና በተፈተነ ማስረጃ መመራት እንዳለበት ተከራከሩ። በ1979 ደግሞ የሕክምና ሙያ በየዘርፉ የተሠሩ ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚያጠናቅርና በየጊዜው የሚያድስ ሥርዓት የሌለው መሆኑን ነቀፉ። በስማቸው የተሰየመው ዓለም አቀፍ የአጥኚዎች ኅብረት የተቋቋመው በ1993 ነው። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ያለው የማስረጃ ማዕከል ይገኛሉ። የሚያዘጋጇቸው ጥንቅሮች ፋይዳ የሚኖራቸው በአጭር ጽሑፍ ተጨምቀው በውሳኔ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው። ሦስት መቶ ገጽ የሚያነብ ኃላፊ ብርቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ነጋዴው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘግን ሊያውቀው አይችልም። መጋዘኑ የደረሱት ጆንያዎች መኪና ከሚገባበት አካባቢ የመጡ ናቸው። ከገደሉ ማዶ ያለው ገበሬ ስንዴው ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ድብልቁ ውስጥ የለም። ነጋዴው የመጣውን ሊገዛ ነውና ይህ አያሳስበውም። የጤና ፖሊሲ ግን ላልመጣውም ጭምር የሚወጣ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው፦ ፍትሐዊ ፖሊሲ የሚፈልግ ሰው ጥንቅሩ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ስለ ማን እንዳለ፣ ማንንስ ሳያይ እንደቀረ ይጠይቃል።

በዓርማ ላይ የተሳለው ጥናት

የኮክራን ኅብረት ዓርማ እውነተኛ ጥንቅር ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ ምጥ ያለጊዜው ለመጣባት እናት ስቴሮይድ በመርፌ ቢሰጣት የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ እንደሚጠነክርና የመትረፍ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳዩ። ተመሳሳይ ሙከራዎች ተከተሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ለየብቻቸው ሲታዩ ውጤታቸው አጠራጣሪ ነበር፤ ሰባቱ ሲደመሩ ግን መርፌው ሕይወት እንደሚያተርፍ ግልጽ ሆነ። ሐኪሞች ይህን ድምር ሳያዩ በመቆየታቸው በዓለም ዙሪያ ብዙ ሕፃናት ሳይታከሙ ሞተዋል። ዓርማው ያንን መዘግየት ያስታውሳል።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ድረስ ነው። ቀጣዩ ክፍል ግን ከፊተኛው ይልቅ ያስተምራል። ጥንቅሩ ውስጥ የነበሩት ሙከራዎች በአብዛኛው የተሠሩት ባለጸጋ በሆኑ አገሮች፣ የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል ማወቅ በሚቻልባቸው፣ ለተወለደው ሕፃን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት መርፌው ወደ ገጠር እንዲወርድ ቢደረግ ምን እንደሚሆን ፈተሸ። ጥናቱ በአርጀንቲና፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ወሊዶችን ተከታትሏል። በጣም ትንሽ ሆነው በተወለዱት ሕፃናት ላይ ሞት አልቀነሰም። በጠቅላላው ሲታይ እንዲያውም ሞት ጨመረ፤ መርፌው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 27.4፣ በሌሎቹ 23.9 ሕፃናት ሞቱ።

በ2020 ሌላ ውጤት መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በሚገኙ 29 ሆስፒታሎች ሙከራ አደረገ። በዚህኛው የእርግዝና ዕድሜ በአልትራሳውንድ ይለካ ነበር፣ ለአራስ የሚሆን እንክብካቤም ነበር። መርፌውን ካገኙት እናቶች ሕፃናት 19.6 በመቶ፣ ካላገኙት 23.5 በመቶ ሞቱ። ስለዚህ ደሀ አገር መሆን ብቻውን ውጤቱን አልገለበጠም። መርፌው የሚሠራው በዙሪያው ያለው አገልግሎት ሲሟላ ነው፤ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በግምት በምትናገር እናት ላይ፣ ኦክስጅን በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ ያው መርፌ ያው መርፌ አይደለም። ይህ ልዩነት ሳይታይ የድሮው ድምር እንዳለ ወደ ፖሊሲ ቢገለበጥ፣ መርፌው ከተማ ያለችውን ጠቅሞ ገጠር ያለችውን ይጎዳ ነበር። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት መርፌውን የሚመክረው የእርግዝና ዕድሜን በትክክል ማወቅ በሚቻልበትና ለእናትም ለአራስም በቂ እንክብካቤ ባለበት ቦታ ነው።

እናቶች ማቆያ

ለአርሲ ደጋ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው። መንደሯ ከጤና ተቋም የራቀ ነፍሰ ጡር ምጧ ከመድረሱ በፊት መጥታ በተቋሙ ግቢ ብትቆይ ይጠቅማታል ወይ? በቃሬዛ፣ በተለምዶ ባህላዊ አምቡላንስ በሚባለው፣ ሌሊት ቁልቁለት ወርዶ ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሁሉ «አዎ» ለማለት ይቸኩላል። እናቶች ማቆያ ይህንኑ ታስቦ የተሠራ ቤት ነው። በኢትዮጵያ ከቀደምቶቹ አንዱ በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ማቆያ አለ፣ ገንፎና ቡና የሚዘጋጅባቸውም ጥቂት አይደሉም።

የአጣጥ የ22 ዓመት መዝገብ አስደናቂ ነው። ከማቆያው ከገቡት እናቶች መካከል ሞተው የተወለዱት ከ1,000 ወሊድ 17.6 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት መካከል 191.2 ነበሩ። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ ምዕራፍ 5ን ማስታወስ ያስፈልጋል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ በቤታቸው አምጠው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸው። ወደ ማቆያው የገባችው ደግሞ ቀድማ ክትትል ያደረገች፣ ባሏ የፈቀደላት፣ ቤቷን የሚጠብቅላት ሰው ያላት ልትሆን ትችላለች። ሁለቱ ቡድኖች ከመጀመሪያውም አይመሳሰሉም፣ ከልዩነቱም የማቆያው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከመዝገቡ ብቻ አይታወቅም። የኮክራን አጥኚዎች በጉዳዩ ላይ ጥንቅር ሲያዘጋጁ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባደሱትም ጊዜ፣ በዕጣ የተመደበ አንድም ሙከራ አላገኙም። በኋላ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የተሰበሰቡ መዝገቦችን ያዋሐዱ ጥንቅሮች ማቆያ ሞትን ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል፤ ነገር ግን ከነዚያው መዝገቦች የተሠሩ ስለሆኑ ያንኑ ችግር ይዘው ሄደዋል። አንድ ዓይነት ጉድለት ያለባቸውን ጥናቶች መደመር ጉድለቱን አያጠፋውም። አንባቢ ይህን ከያዘ ከምዕራፉ ግማሹን ይዟል።

በዕጣ የተመደበ ሙከራ በኋላ የተደረገው በጅማ ነው። በ24 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክፍሎች፣ በዕጣ እየተለየ፣ አንዳንዶቹ የተሻሻለ ማቆያ ሲያገኙ የአካባቢ መሪዎች ደግሞ ሥልጠና ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2020 ሲታወቅ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ይህ ማለት ማቆያ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ቤቱን ማሳመር ብቻውን መምጣት ያልቻለችውን እናት አያመጣትም ማለት ነው። ልጆቿን ማን ይይዝላታል? እሸት በሚደርስበት ወቅት ማሳውን ማን ይጠብቃል? የምትበላውን ማን ያመጣል? ጥናቶቹን በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው ገንዘቡን ከግድግዳ ቀለም ይልቅ በትራንስፖርትና በምግብ ላይ ለማዋል ያዘነብላል።

አማካዩ የሚሸፍነው

ቁጥሮች ለምን በየቡድኑ መበተን እንዳለባቸው የአገሪቱ ዳሰሳ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው ከወሊዶች 26 በመቶ የተፈጸሙት በጤና ተቋም ነው። በ2019 አነስተኛው ዳሰሳ 48 በመቶ ደረሰ። አስደሳች ዕድገት ነው። የ2016ቱ 26 ግን በማንም ቤት የማይኖር ቁጥር ነበር፤ በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር 20 በመቶ ተብሎ ሲከፈል ነው ሰው የሚታይበት።

አጥኚዎች ይህን ክፍፍል እንዳይረሱ የሚጠቀሙበት ዝርዝር አላቸው፦ የመኖሪያ ቦታ፣ ብሔርና ቋንቋ፣ ሥራ፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ትምህርት፣ ሀብት፣ ከጎረቤትና ከዘመድ የሚገኝ ድጋፍ፣ ከዚህም ላይ ዕድሜና አካል ጉዳት ይጨመራሉ። ጥንቅር የሚያዘጋጅ ሰው ለእያንዳንዱ ጥናት ውጤቱ በነዚህ መስመሮች ተከፍሎ ቀርቦ እንደሆነ ይመረምራል። አብዛኛውን ጊዜ አልቀረበም። ያኔ ሐቀኛው ጥንቅር «በገጠር ላሉት ማስረጃ የለም» ብሎ ይጽፋል። ማስረጃ የለም ማለትና ጥቅም የለውም ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ግን ሁሉም አይለይም፣ ኃላፊዎችም ጋዜጠኞችም።

አርሲ የአማካይን ሽፋን ከጤና ውጭም አይታዋለች። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በምሕፃሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አምጥቶ የስንዴ ምርትን አሳደገ። በአማካይ ሲለካ የተሳካ ነበር። ይሁንና እርሻ አትራፊ ሲሆን ባለ መሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞችን ማስወጣት ጀመሩ። ምርቱ በኩንታል ሲለካ የተፈናቀለው ሰው በሚዛኑ ላይ አልተቀመጠም።

በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ብቻ የታሰበ አንድ ወረዳ ይወሰድ። በጀቱ ከሁለት አንዱን ብቻ ይችላል። የመጀመሪያው በከተማው ዙሪያ ያሉ 100 ተጨማሪ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣል። ሁለተኛው በሩቅ ቀበሌዎች ያሉ 70 ያመጣል። ሽፋንን ብቻ ለሚቆጥር ሰው መቶው ይበልጣል። ቅርብ ያለችው እናት ግን በቤቷ ጀምራ ቢከፋባትም አምቡላንስ ይደርስላታል፤ ሩቅ ያለችው አይደርስላትም። ከመቶ ቅርብ እናቶች 1፣ ከመቶ ሩቅ እናቶች 3 ሕፃናት የሚተርፉ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫ 1፣ ሁለተኛው 2 ገደማ ሕይወት ያተርፋል። እዚህ ፍትሕና ውጤት አብረው ሄዱ። ሁልጊዜ አይሄዱም። ሩቁ ጋ መድረስ ዋጋው እጥፍ ሆኖ የሚተርፈው ቁጥር ቢያንስ፣ የትኛው ይቅደም የሚለውን ስሌት አይመልሰውም፤ ያ የኅብረተሰብ ውሳኔ ነው። የጥንቅሩ ድርሻ እያንዳንዱ ምርጫ ለማን ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ማስቀመጥ ነው።

ከድምር ወደ ውሳኔ

ኢትዮጵያ ይህን በአገር ደረጃ ሞክራዋለች። የመጀመሪያው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎቶች ጥቅል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2019 ሲከልሰው 1,018 አገልግሎቶች ተካተቱ። ለእያንዳንዱ የተጠየቀው ሰባት ነገር ነበር፦ በሽታው ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል፤ አገልግሎቱ ከወጪው አንጻር ምን ያህል ጤና ይሰጣል፤ የተጎዱትን ያስቀድማል ወይ፤ ቤተሰብን ከድህነት ያድናል ወይ፤ በጀቱን ምን ያህል ይነካል፤ ሕዝብ ይቀበለዋል ወይ፤ በፖለቲካ ይቻላል ወይ። ከጥናት የተጠናቀረው ማስረጃ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ብዙ ይናገራል። ለፍትሐዊነትና ለድህነት ጥያቄ ትንሽ፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ባለሙያዎች፣ የክልል ተወካዮችና የሙያ ማኅበራት ተቀምጠው መወያየት ነበረባቸው። ውይይት ማስረጃን የሚተካ መስሎ የሚታያቸው ሳይንቲስቶች አሉ፤ የሚተካው ግን ማስረጃ ሊናገር የማይችለውን ክፍል ብቻ ነው። ከአገልግሎቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተወስኗል። ለሚከፈልባቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ።

የአርሲ ቲቢ

ጥንቅር፣ የአካባቢ ማስረጃና ፍትሕ እንዴት እንደሚገናኙ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ አርሲ ውስጥ ነው። ታማሚው መድኃኒቱን በባለሙያ ፊት የሚውጥበት የቲቢ ሕክምና ሥርዓት በኢትዮጵያ በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ነው። ሥርዓቱ ከመዋጡ በላይ ነበር፤ አክታ በማይክሮስኮፕ መመርመርን፣ የመድኃኒት አቅርቦት አለመቋረጥንና እያንዳንዱን ታማሚ እስከ መጨረሻ የሚከታተል መዝገብን ያካትታል። በአርሲ ዞን ለ15 ዓመታት የተያዙ መዝገቦችን የመረመረ ጥናት ሕክምናቸውን በተሳካ ሁኔታ የሚጨርሱት ድርሻ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደተሻሻለ አሳይቷል።

ከሥርዓቱ የትኛው ክፍል ነው የሠራው? የኮክራን ጥንቅር እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታደስ በዕጣ የተመደቡ 11 ሙከራዎችን አገኘ። መድኃኒትን በሰው ፊት መዋጥ፣ ራስን ችሎ በቤት ከመዋጥ ጋር ሲነጻጸር፣ ብቻውን የሚድኑትን ቁጥር እንደማይጨምር አሳየ። ይህ ውጤት ለባለሙያው የዘዴ ጉዳይ ነው። በእግሩ ረጅም ሰዓት ተጉዞ በየቀኑ ጤና ጣቢያ ለሚመጣ ገበሬ ግን ሌላ ነው። የየዕለቱ ጉዞ ዋጋ የሚወድቀው በሩቁ ላይ ነው፤ የሚያስገኘው ትርፍ ደግሞ አልታየም። እንግዲያው ክትትሉ ካልቀረ ወደ ታማሚው መቅረብ አለበት።

መዝገቡ የማያሳየው ደግሞ ጨርሶ ያልመጣውን ነው። የሕክምና ስኬት የሚለካው ሕክምና ከጀመሩት መካከል ስለሆነ፣ በቤቱ የሚያስል ሰው በመቶኛው ውስጥ የለም፤ የአርሲው ቁጥር ያማረ ሆኖ ሳለ ይህ ክፍተት ይቀራል። ለዚህ መልስ የሰጠው ሙከራ የተሠራው በሲዳማ ነው። 51 ቀበሌዎች በዕጣ ተለይተው፣ በአንዳንዶቹ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እዚያው ቀበሌው ውስጥ አክታ እንዲሰበስቡና ሕክምናውን እንዲከታተሉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት በነዚያ ቀበሌዎች የተገኙት ታማሚዎች ቁጥር እንደጨመረ፣ በተለይ ሴቶች ይበልጥ እንደተገኙ፣ ሕክምናቸውን በስኬት የጨረሱትም እንደበዙ አሳየ። በኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በየቀበሌው ሁለት ተቀጣሪ ባለሙያዎች ቀድሞውኑ ስለነበሩ አዲስ ተቋም መገንባት አላስፈለገም። የማኅበረሰብ የቲቢ ክብካቤ በብሔራዊ ፕሮግራሙ ሲካተት የክትትሉ ሥራ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ ወረደ።